በፍቺ ክርክር የጠበቃ ክፍያን ማን ይሸፍናል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ትዳር ሲፈርስ ሁለት ጠበቆች ይቆማሉ፤ የሁለቱም ክፍያ ግን ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከአንድ ቤት ገንዘብ ነው። ገንዘቡ በአንደኛው እጅ ከሆነ ሌላው ጠበቃ መቅጠር ያቅተዋል። ጠበቃ ያጣ ሰው ደግሞ የሚገባውን ሳያውቅ የቀረበለትን ስምምነት ፈርሞ ይወጣል። ፍርድ ቤቶች አንዱ ወገን የሌላውን የጠበቃ ወጪ እንዲሸፍን የማዘዝ ሥልጣን የተሰጣቸው በዋናነት ይህን ለመከላከል ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች አጠቃላይ አሠራሩን ያሳያሉ፤ ለማስረጃነት የአሜሪካ ግዛቶችን፣ የእንግሊዝንና የኢትዮጵያን ሕግ ጠቅሰናል። ሕጉ ከአገር አገር፣ በአሜሪካ ደግሞ ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ የራስዎን ጉዳይ በቦታው ለሚሠራ ጠበቃ ማሳየት ያስፈልግዎታል።

ክርክሩን ካሸነፍኩ የጠበቃዬን ወጪ ሌላው ወገን ይከፍልልኛል?

እንደዚያ ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። በተራ የፍትሐ ብሔር ክርክር ተሸናፊው የአሸናፊውን ወጪ መተካቱ በእንግሊዝ የቆየ ደንብ ነው። በአሜሪካ በተቃራኒው እያንዳንዱ ወገን የራሱን ጠበቃ ራሱ ይከፍላል። ጉዳዩ ፍቺ ሲሆን ግን ሁለቱም አገሮች ከደንባቸው ይወጣሉ። የእንግሊዝ የቤተሰብ ጉዳዮች ሥነ ሥርዓት ደንብ በአብዛኛው የንብረትና የቀለብ ክርክር ላይ መነሻ የሚያደርገው አንዱ ለሌላው ወጪ እንዲከፍል አለማዘዝን ነው። የአሜሪካ ግዛቶች ደግሞ ለፍቺ ብቻ የሚሠራ ሕግ አውጥተው ዳኛው አንዱን ተጋቢ ለሌላው እንዲከፍል እንዲያዝ ፈቅደዋል።

በፍቺ ውስጥ ማን አሸነፈ ብሎ መናገርም ያስቸግራል። ቤቱ ለአንዱ፣ የጡረታው ግማሽ ለሌላው፣ ልጆቹ ከሁለቱም ጋር በተራ እንዲኖሩ ሲወሰን አሸናፊው ማን ነው? ስለዚህ ዳኛው የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው። ሁለቱም ወገኖች በጠበቃ ለመከራከር አቅም አላቸው ወይ? ወጪው እንዲህ የናረው በማን ምክንያት ነው? ቀጥሎ የሚነሳው ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ይመነጫል።

ዳኛው መጀመሪያ የሚመለከተው ምንድን ነው?

የጠያቂውን ችግርና የተጠያቂውን አቅም ጎን ለጎን ያስቀምጣል። የካሊፎርኒያ የቤተሰብ ሕግ ዳኛው በሦስት ነጥቦች ላይ በግልጽ እንዲወስን ያስገድደዋል፦ ክፍያው ተገቢ ነው ወይ፤ ጠበቃ ለመቅጠር የሚያስችል ገንዘብ በማግኘት ረገድ በሁለቱ መካከል ልዩነት አለ ወይ፤ አንደኛው የሁለቱንም ጠበቆች መክፈል ይችላል ወይ። ልዩነቱና አቅሙ መኖራቸው ከተረጋገጠ ዳኛው ትእዛዙን የመስጠት ግዴታ አለበት። በኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ2010 የተሻሻለው ሕግ ደግሞ አነስተኛ ገንዘብ ላለው ተጋቢ የጠበቃ ክፍያ ሊታዘዝለት ይገባል ከሚል ግምት ይነሳል፤ ግምቱን በማስረጃ የማፍረስ ሸክም ባለጸጋው ተጋቢ ላይ ይወድቃል። ፍሎሪዳም የሁለቱን ወገኖች የገንዘብ አቅም መነሻ ታደርጋለች። ሜሪላንድ ከአቅምና ከችግር በተጨማሪ ክሱን ለማቅረብ ወይም ለመከላከል በቂ ምክንያት ነበር ወይ ብላ ትጠይቃለች።

አቅም ሲባል ደመወዝ ብቻ አይደለም። ወዲያው ወደ ገንዘብ የሚለወጥ ሀብት በማን እጅ ነው? የባንክ ሂሳቡ በማን ስም ነው? ድርጅቱን የሚያስተዳድረው ማን ነው? የቤት ኪራዩን፣ የልጆቹን ቀለብና የቆየውን ዕዳ የሚከፍለው ማን ነው? እኩል ደመወዝ ያላቸው ባልና ሚስት መካከል እንኳ ቁጠባው ሁሉ በአንደኛው ቁጥጥር ሥር ከሆነ ልዩነት አለ። በአንጻሩ በወረቀት ላይ ትልቅ ሀብት ያለው ሰው ሀብቱ ሊሸጥ በማይችል መሬት ወይም በታሰረ አክሲዮን ውስጥ ከሆነ አቅሙ እንደሚታየው ላይሆን ይችላል። ዳኛው ይህንን ማየት የሚችለው ሰነድ ሲቀርብለት ነው።

እኔም ጥቂት ቁጠባ አለኝ። ይህ ጥያቄዬን ያስቀረዋል?

የግድ አያስቀረውም። የካሊፎርኒያ ሕግ ጠያቂው ለራሱ ጠበቃ የሚከፍልበት ገንዘብ ያለው መሆኑ ብቻውን ጥያቄውን ውድቅ እንደማያደርግ በግልጽ ይደነግጋል፤ የሚታየው የሁለቱ አንጻራዊ ሁኔታ ነው። አንዱ ያለችውን የመጨረሻ ጥሪት አራግፎ፣ ሌላው ደግሞ ከወር ገቢው ትርፍ ብቻ እየከፈለ ቢከራከሩ ሚዛኑ እኩል አይሆንም።

ከወንድም፣ ከእህት ወይም ከወላጅ ተበድረው ጠበቃ የከፈሉ ሰዎች "ገንዘብ አግኝተሃልና አያስፈልግህም" እንዳይባሉ ይሰጋሉ። ብድሩ እውነተኛ ብድር መሆኑን የሚያሳይ ጽሑፍና የባንክ ዝውውር ካለ ስጋቱ ብዙ ይቀንሳል። በቃል ብቻ የተሰጠ ገንዘብ ግን እንደ ስጦታ ሊቆጠር ይችላል። ከዘመድ ጋር ወረቀት መፈራረም ለብዙዎቻችን ይከብደናል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ይፈራረሙ።

ክርክሩ ሳያልቅ በመሃል ክፍያ ማግኘት ይቻላል?

በብዙ አገሮች ይቻላል። በእኛ እምነት ከዚህ ገጽ ላይ አንድ መልስ ብቻ የሚያነብ ሰው ይህንን ማንበብ አለበት። ከዓመት በኋላ የሚመጣ ክፍያ ዛሬ ጠበቃ ለሌለው ሰው አይደርስለትም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ልጆቹ ከማን ጋር ይቆዩ፣ ቤቱን ማን ይያዝ፣ ቀለቡ ስንት ይሁን የሚሉ ጊዜያዊ ትእዛዞች ይሰጣሉ። እነዚህ ጊዜያዊ ተብለው ይሰጡ እንጂ በተግባር የመጨረሻውን ውሳኔ ቅርጽ ያስይዛሉ። ያንን ወቅት ያለ ጠበቃ ያሳለፈ ሰው በኋላ ጥሩ ጠበቃ ቢያገኝም የተያዘውን ነገር ለማስለቀቅ ብዙ ይደክማል።

በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2013 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነ ድንጋጌ ፍርድ ቤቱ አንዱ ተጋቢ ለሌላው የሕግ አገልግሎት ክፍያ እንዲሰጥ እንዲያዝ ይፈቅዳል። ጠያቂው ያለዚያ ገንዘብ ተገቢውን የሕግ አገልግሎት ማግኘት እንደማይችል ማሳመን አለበት። ለዚህም ከባንክ መበደር አለመቻሉን፣ ንብረት አስይዞ ገንዘብ ማግኘት አለመቻሉን ጭምር ማስረዳት ይጠበቅበታል። የባንክ የእምቢታ ደብዳቤ እዚህ ላይ ዋጋ አለው። የካሊፎርኒያ ሕግ ከዚህ ወደፊት ሄዶ፣ ጠበቃ ፈጽሞ የሌለው ሰው ራሱ ችሎት ቀርቦ ክርክሩ ከመቀጠሉ በፊት ጠበቃ የሚቀጥርበት ገንዘብ ሌላው ወገን እንዲከፍለው ሊጠይቅ እንደሚችል ይደነግጋል።

ጥያቄውን በማዘግየት የሚገኝ ጥቅም የለም። "መጀመሪያ በሰላም እንነጋገር፣ ገንዘቡ በኋላ ይደርሳል" ማለት መልካም ሊመስል ይችላል። ሆኖም የጠበቃ ክፍያ መጠየቅ ከንግግሩ ጋር አይጣላም፤ እንዲያውም ሁለቱም ወገን ጠበቃ ሲኖረው ስምምነት ቶሎ ይደረሳል።

ሌላው ወገን ሆን ብሎ ክርክሩን ቢያጓትተውስ?

ይህ ሁለተኛው በር ነው፤ ከመጀመሪያው ተለይቶ መታየት አለበት። በመጀመሪያው በር የሚገባው ችግር ያለበት ሰው ነው። በሁለተኛው ግን በሌላው ወገን ጥፋት ያልተገባ ወጪ የደረሰበት ሰው ሀብታምም ቢሆን ይገባል። በካሊፎርኒያ ክርክሩ በስምምነት እንዳያልቅ ወይም ወጪው እንዲንር ያደረገ ተጋቢ እንደ ቅጣት የሌላውን የጠበቃ ክፍያ እንዲሸፍን ሊታዘዝ ይችላል። ጠያቂው ችግረኛ መሆኑን ማሳየት አይጠበቅበትም። ነገር ግን ቅጣቱ ከፋዩን ከአቅሙ በላይ የሚጫን መሆን የለበትም፤ አስቀድሞ ማስታወቂያ ሊደርሰውና ሊሰማም ይገባል።

የፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 በሰጠው ውሳኔ ዳኞች ከገንዘብ አቅም ባሻገር የክርክሩን ስፋትና ታሪክ፣ የፈጀውን ጊዜ፣ የቀረቡትን ነጥቦች ጥንካሬ፣ እንዲሁም ክርክሩ ለማንገላታት ወይም ለማዘግየት የተደረገ መሆን አለመሆኑን ሊያዩ እንደሚችሉ ገልጿል። በእንግሊዝም ከመነሻው ደንብ መውጣት የሚቻለው በዋናነት በክርክር ጠባይ ምክንያት ነው፦ የፍርድ ቤት ትእዛዝን አለማክበር፣ መሠረተ ቢስ ነጥብ ማንሳት፣ ሌላው ወገን በግልጽ ያቀረበውን ምክንያታዊ የመደራደሪያ ሐሳብ ችላ ማለት። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ደግሞ በግልጽና በኃላፊነት ለመደራደር እምቢ ማለት ወጪ ሊያስከትል እንደሚችል የአፈጻጸም መመሪያው በቀጥታ ይናገራል።

በተግባር ዳኞችን የሚያስቆጡት ነገሮች ብዙም አይለያዩም። የባንክ መግለጫ አምጣ ሲባል ገጾቹን ቆራርጦ የሚያቀርብ፤ በቀጠሮ ቀን ሳይቀርብ ቀርቶ በማግስቱ ምክንያት የሚደረድር፤ አንድ ጊዜ ውድቅ የተደረገበትን አቤቱታ ርዕሱን ቀይሮ መልሶ የሚያስገባ፤ ንብረት ወደ ዘመድ ስም የሚያዛውር። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠመዎት በየቀኑ መዝግቡት፦ መቼ ተጠየቀ፣ መቼ ቀረ፣ ጠበቃዎ ያንን ለማስተካከል ስንት ሰዓት ሠራ። ዳኛው አጠቃላይ ቅሬታ ሰምቶ ገንዘብ አይቆርጥም፤ ይህ ጥፋት ይህን ያህል ሰዓት አስወጣ የሚል ስሌት ሲያይ ግን ይቆርጣል።

የትዳር ጓደኛዬ ስለከዳኝ የጠበቃዬን ክፍያ መሸፈን የለበትም?

በትዳር ውስጥ የተፈጸመ ጥፋትና በክርክር ውስጥ የተፈጸመ ጥፋት የተለያዩ ናቸው። ከላይ ያየናቸው ሕጎች በዋናነት የሚመለከቱት ሁለተኛውን ነው። የደረሰብዎት በደል ከባድ እንደሆነ አንጠራጠርም፤ ነገር ግን የጠበቃ ክፍያ መጠየቂያውን በክህደት ታሪክ መሙላት ብዙ ጊዜ አይረዳም፤ ሰዓት ይበላል፤ ያም ሰዓት ይከፈልበታል።

መጠኑ እንዴት ይሰላል?

በብዙ ችሎቶች መነሻው ቀላል ነው፦ ተገቢ የሆነው የሥራ ሰዓት በተገቢው የሰዓት ዋጋ ይባዛል። ችግሩ "ተገቢ" የሚለው ላይ ነው። ዳኛው የጉዳዩን ክብደት፣ የሚጠይቀውን ችሎታ፣ የጠበቃውን ልምድ፣ በአካባቢው ለተመሳሳይ ሥራ የሚከፈለውን፣ በክርክሩ ውስጥ ያለውን ሀብት መጠንና የተገኘውን ውጤት ያያል። ጠበቃዎ በአካባቢው ውድ ከሚባሉት አንዱ ስለሆነ ብቻ ሙሉው ዋጋ አይፈቀድም፤ ሌላው ወገን ለራሱ ጠበቃ ስንት እንደከፈለ ግን ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ሚሊዮኖች ለራሱ ጠበቃ የከፈለ ሰው የእርስዎ ግማሹ በዛ ብሎ መከራከር ይከብደዋል።

አብዛኛው ገንዘብ የሚቆረጠው በሂሳብ ዝርዝሩ አጻጻፍ ምክንያት ስለሆነ አንድ መስመር ቀረብ ብለን እንይ። "የባንክ ሰነድ ማንበብ፣ ለደንበኛ ስልክ መደወል፣ አቤቱታ ማርቀቅ፤ 6.5 ሰዓት" ተብሎ የተጻፈ ይሁን። ስልኩ አምስት ደቂቃ ነው ወይስ ሁለት ሰዓት? አቤቱታውስ? ዳኛው ሊለየው ስለማይችል በግምት ይቀንሳል። ያው ሥራ በሦስት መስመር ቢጻፍስ? "ከጥር እስከ ሰኔ ያለውን የባንክ መግለጫ መመርመር፣ 2.1 ሰዓት። ስለ ልጆች ጊዜያዊ አኗኗር ከደንበኛ ጋር የስልክ ንግግር፣ 0.3 ሰዓት። የጊዜያዊ ቀለብ አቤቱታ ማርቀቅ፣ 4.1 ሰዓት።" ድምሩ ያው 6.5 ነው፤ አሁን ግን ተቃራኒው ወገን አራቱ ሰዓት በዛ ብሎ ሊከራከር ይችላል እንጂ ሁሉንም በጅምላ ማስጣል አይችልም። ብዙ ጠበቆች ሰዓቱን በስድስት በስድስት ደቂቃ ስለሚቆጥሩት 0.3 ማለት አሥራ ስምንት ደቂቃ ነው።

የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019፣ ጉዳዩ የፍቺ ባይሆንም፣ የጠበቃ ክፍያ የሚጠይቅ ወገን ምን ሥራ እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደተሠራ፣ ስንት ተገቢ ሰዓት እንደፈጀና የሰዓቱ ዋጋ ስንት እንደሆነ እንዲያስረዳ አስገድዷል። ሕጉ የትም ይሁን የት ይህንን ዝርዝር ይዞ የሚቀርብ ሰው አይጎዳም። በኒው ዮርክ የፍቺ ጠበቃ ቢያንስ በየ60 ቀኑ ዝርዝር ሂሳብ ለደንበኛው መላክ ግዴታው ነው። የእርስዎ አገር ሕግ ባያስገድድም በየወሩ እንዲላክልዎ በውሉ ውስጥ ያስገቡ፤ ሲደርስዎም ያንብቡት። በዓመቱ መጨረሻ በአንድ ጊዜ የሚጻፍ ዝርዝር ማንንም አያሳምንም።

ምን ምን ሰነድ ላዘጋጅ?

የገቢና ወጪ መግለጫ፣ በመሐላ የተረጋገጠ። የቅርብ ወራት የደመወዝ ማስረጃ። የሁሉም ባንኮች መግለጫ፣ የተረሱ የሚመስሉት ጭምር። የግብር ማስታወቂያ። የዕዳና የብድር ወረቀቶች። ከጠበቃዎ ጋር የተፈራረሙት ውል፣ እስካሁን የከፈሉበት ደረሰኝና ቀሪው ዕዳ። ጠበቃዎ ደግሞ ሥራውን፣ ልምዱንና የሰዓት ዋጋውን የሚገልጽ የመሐላ ቃል ያያይዛል።

ሁለት ነገሮች ይጠንቀቁ። የመጀመሪያው፣ የሂሳብ ዝርዝሩ ለተቃራኒው ወገን ስለሚደርስ ከጠበቃዎ ጋር ምን እንደተመካከራችሁ የሚገልጡ ቃላት አስቀድመው እንዲሸፈኑ ይጠይቁ። ሁለተኛው፣ አንዲት ትንሽ ሂሳብም ቢሆን አይደብቁ። ችግረኛ ነኝ ብሎ የቀረበ ሰው ያልገለጸው የባንክ ደብተር ከተገኘበት የሚያጣው የጠበቃ ክፍያውን ብቻ አይደለም፤ በልጆቹ ጉዳይ የሚሰጠውን ቃል ዳኛው የሚያምንበትንም መሠረት ያጣል።

ጠበቃዬ ከማገኘው ንብረት በመቶኛ ልውሰድ ቢለኝስ?

በአሜሪካ ከተሞች በመኪና አደጋ ክስ የተለመደው "ካሸነፍን እካፈላለሁ" የሚል ውል በፍቺ ላይ አይሠራም። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር አርአያ የሥነ ምግባር ደንብ ክፍያን ፍቺው በመገኘቱ ወይም በቀለቡና በእሱ ምትክ በሚሰጠው ንብረት መጠን ላይ ማንጠልጠልን ይከለክላል። በእንግሊዝም የቤተሰብ ክርክር እንዲህ ካለው ውል ውጭ ነው። ክልከላው ትክክል ነው ብለን እናምናለን፤ የጠበቃው ኪስ በፍቺው መጽናት ላይ ከተንጠለጠለ እርቅን ማን ይመክራል?

ያለ ጠበቃ ራሴ ተከራክሬያለሁ። ለባከነው ጊዜዬ ክፍያ አገኛለሁ?

በአሜሪካ በአጠቃላይ የጠበቃ ክፍያ የሚታዘዘው ጠበቃ ላለው ነው፤ የፍርድ ቤት መክፈያ፣ የመጥሪያ ማድረሻና የመሳሰሉት ወጪዎች ግን ሊተኩልዎ ይችላሉ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. የ1975 ሕግ ራሱን ለወከለ ሰው የተወሰነ ክፍያ እንዲታዘዝ በር ከፍቷል።

ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ድርጅት ከወከለኝስ?

ጠበቃዎ በነፃ መሥራቱ ሌላውን ወገን ከኃላፊነት ነፃ አያወጣውም የሚል አቋም የያዙ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች አሉ፤ ገንዘቡ ለድርጅቱ ይሄድና ሌላ ደንበኛ ይረዳበታል። ስለዚህ "አልከፈልኩም" ብለው ጥያቄውን አይተዉት፤ ድርጅቱን ይጠይቁ።

በኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች አሠራሩ ምን ይመስላል?

በፍርድ መጨረሻ ላይ "ግራ ቀኙ ወጪና ኪሳራቸውን ይቻቻሉ" የሚለውን ዐረፍተ ነገር ያላየ ባለጉዳይ ጥቂት ነው። ይህ ማለት እያንዳንዱ የራሱን ይሸከም ማለት ነው፤ በቤተሰብ ክርክርም በተደጋጋሚ ይጻፋል። ግን የማይቀር ዕጣ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 462 ሌላ ሕግ በተለየ ካልደነገገ በስተቀር ወጪውን ማን፣ ከየትኛው ንብረትና ምን ያህል እንደሚከፍል የመወሰንን ሥልጣን ለፍርድ ቤቱ ይሰጣል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ደግሞ ወጪ የተፈቀደለት ወገን ዝርዝሩን እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በክስ ማመልከቻው ወይም በመከላከያ መልሱ ላይ ወጪና ኪሳራ ሳይጠይቅ ይቀራል፤ ወይም ጠይቆ፣ ተፈቅዶለት፣ የወጪ ዝርዝሩን ሳያስገባ ይተወዋል። የጥብቅና ውሉና የክፍያ ደረሰኙ በመዝገቡ ውስጥ ካልተያያዙ ዳኛው የሚመዝነው ነገር አይኖረውም።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጠበቃ ክፍያን በስም አይጠቅስም። ሆኖም የፍቺ ጥያቄ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ስለ ተጋቢዎቹ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆቹ አጠባበቅና ቀለብ እንዲሁም ስለ ንብረቱ አስተዳደር ወዲያውኑ ተገቢውን ትእዛዝ እንዲሰጥ ያዛል። ያ ትእዛዝ በእጁ ገንዘብ የሌለው ተጋቢ ክርክሩን ለመቀጠል የሚይዘው ዋናው መደገፊያ ስለሆነ በመጀመሪያው ቀጠሮ መጠየቅ አለበት። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ለማይችል ሰውም የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ በድህነት የመክሰስን መንገድ ከፍቷል። ለሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለዓመታት ነፃ የሕግ ምክርና ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል።

የሚታዘዘው ክፍያ ከየት ይወጣል? ከጋራ ንብረታችን ከሆነ የራሴን ገንዘብ ለራሴ መስጠት አይሆንም?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ጠበቆችም የሚረሱት ነው። ገንዘቡ ከጋራ ሂሳብ ወጥቶ ለእርስዎ ጠበቃ ከተከፈለ ግማሹን የከፈሉት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ትእዛዙ ከሌላው ወገን ድርሻ ወይም ከግል ገቢው እንዲሆን፣ ከጋራ ንብረት ከሆነ ደግሞ በመጨረሻው ክፍፍል እንዲታሰብ በግልጽ ይጠይቁ። አንዳንድ ዳኞች ክፍያውን በየወሩ እየተከፋፈለ እንዲሰጥ፣ አንዳንዶቹም ቤቱ ሲሸጥ ከዋጋው ተቀንሶ እንዲወሰድ ያዛሉ። ቤቱ እስኪሸጥ የሚጠብቅ ጠበቃ ካለዎት የኋለኛው ይሠራል፤ ከሌለዎት ግን ዛሬ የሚከፈል ገንዘብ ያስፈልግዎታልና ይህንኑ ለችሎቱ ይናገሩ።

ከጋብቻ በፊት "ማንም የማንንም ጠበቃ አይከፍልም" ብለን ተፈራርመናል።

ውሉ በንብረት ክርክር ላይ ሊጸና ይችላል። ልጆችን በሚመለከት ክርክር ላይ ግን ብዙ ፍርድ ቤቶች አይቀበሉትም፤ የልጅን ጥቅም የሚያስከብር ወላጅ ጠበቃ እንዳይኖረው አስቀድሞ መዋዋል ልጁን መጉዳት ስለሚሆን ነው። በፍቺ ስምምነት ውስጥ ስለ ጠበቃ ክፍያ ምንም ሳይጻፍ መፈራረምም ያስቸግራል። "እያንዳንዱ የራሱን" ከሆነም ይጻፍ፤ ወደፊት ስምምነቱን ያፈረሰ ወገን የማስፈጸሚያውን ወጪ ይሸፍናል የሚል ሐረግም ይጨመርበት።

ፍርድ ቤቱ ከጠየቅኩት ያነሰ ቢፈቅድ ቀሪውን ማን ይከፍላል?

እርስዎ። ከጠበቃዎ ጋር ያለዎት ውል ከፍርድ ቤቱ ትእዛዝ የተለየ ነው። ጠበቃዎ መቶ ጠይቆ ስድሳ ቢፈቀድ አርባው በእርስዎ ላይ ይቀራል። ውሉን ሲፈራረሙ ይህ እንዴት እንደሚስተናገድ ይጠይቁ።

ታዞበት አልከፍልም ቢልስ?

ትእዛዙ እንደማንኛውም ፍርድ በአፈጻጸም መዝገብ ይፈጸማል፦ ከደመወዝ ይቆረጣል፣ የባንክ ሂሳብ ይታገዳል፣ ንብረት ይሸጣል። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ክፍያው እንደ ቀለብ አካል ከታየ እየቻለ አለመክፈሉ ፍርድ ቤትን እንደ መድፈር ተቆጥሮ ሊያሳስረው ይችላል። ኪሳራ አውጆ ማምለጥም ቀላል አይደለም፤ በአሜሪካ የፌዴራል የኪሳራ ሕግ ምዕራፍ 7 (የባለዕዳው ንብረት ተሸጦ ቀሪው ዕዳ የሚሰረዝበት) መሠረት በፍቺ ፍርድ ለቀድሞ የትዳር ጓደኛ የሚከፈል ዕዳ አይሰረዝም። ምዕራፍ 13 (ዕዳው በዕቅድ በየጊዜው የሚከፈልበት) ግን የቀለብ ባሕርይ ያለውን ዕዳ ብቻ ነው እንዲህ የሚጠብቀው። ስለዚህ ክፍያው የቀለብ ባሕርይ እንዳለው በትእዛዙ ላይ እንዲጻፍ አስቀድሞ መጠየቅ በኋላ ብዙ ድካም ያስቀራል።

በውሳኔው ላይ ይግባኝ ማለት እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ነገር ግን የጠበቃ ክፍያ ለዳኛው ሰፊ የፈቃድ ሥልጣን የተተወ ስለሆነ የይግባኝ ችሎት "እኔ ብሆን ሌላ እወስን ነበር" ብሎ አይሽረውም። የሚሽረው ዳኛው ሕጉ እንዲያይ ያዘዘውን ነገር ሳያይ ሲቀር፣ ማስረጃ በሌለበት መጠን ሲወስን ወይም ምክንያቱን ሳይጽፍ ሲያልፍ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዳኛ ፊት ሳሉ፣ ዳኛው የሁለታችሁን ገቢ፣ ልዩነቱንና የክፍያውን ተገቢነት በጽሑፍ እንዲያሰፍር ይጠይቁ። የይግባኝ ጊዜው አጭር ስለሆነ ትእዛዙ በተሰጠበት ዕለት ቀኑን መዝግበው የውሳኔውን ግልባጭ ያውጡ።